የጢም ብሩሽ ታሪክና የስያሜው ችግር

የአንድ ዕቃ ስም ከተሠራበት ነገር ተወስዶ፣ ዕቃው ከጊዜ በኋላ ከሌላ ነገር ቢሠራ ስሙ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ለተርጓሚ እንግዳ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ጢም ሲላጭ ሳሙና በሚቀባበት ብሩሽ ታሪክ እንመረምራለን።

የአውሮፓ ቋንቋዎች ይህን ዕቃ በሦስት መንገድ ሰይመውታል። ፈረንሳይኛ ጠጉሩ ለብሩሽ የሚፈለገውን አውሬ «ብሌሮ» ይለዋል፤ ብሩሹንም በዚያው ስም ይጠራዋል። የጀርመንኛው «ፒንዝል» እና የጣልያንኛው «ፔኔሎ» መነሻቸው «ትንሽ ጅራት» የሚል የላቲን ቃል ነው። የሩስኛው «ፖማዞክ» ግን «መቀባት» ከሚል ግሥ የተገኘ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ከሚሠራበት ነገር፣ ሁለተኛው ከመልክ፣ ሦስተኛው ከተግባር የወጣ ስያሜ ነው።

ከሚሠራበት ነገር የሚወጣ ስያሜ የሚያስከትለው ጉዳት በአንደኛው የዓለም ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918) ጊዜ ታይቷል። የብሌሮ ጠጉር ውድ ስለ ነበር ርካሽ የፈረስ ጠጉር የብሌሮ መልክ እየተሰጠው ይሸጥ ነበር። ጦርነቱ የጠጉር ንግድን መሥመር ሲያናጋ በሚገባ ያልጸዳ የፈረስ ጠጉር ወደ ብሩሽ ሠሪዎች ገባ። ከጠጉሩም ጋር በእኛ አገር አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ዘር ገባ። ምላጭ በጫረው ቆዳ ላይ ብሩሹ ሲታሽ በሽታው ወደ ሰውነት ይዘልቅ ነበር። በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ወታደሮችና ሲቪሎች ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1920 ከጃፓን የሚመጡ የጢም ብሩሾች እንዳይገቡ ከለከለ። ተርጓሚ እዚህ ላይ ሌላም ነገር ልብ ይሏል። «አባ ሰንጋ» በሚለው ስም ውስጥ ሰንጋው እንጂ ፈረሱ የለም። ስለዚህ ይህን ታሪክ የሚተረጉም ሰው በሽታው ከፈረስ ጠጉርም እንደሚመጣ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ሰው ሠራሹ ብሩሽ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዱ ፖንት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዋላስ ካሮተርስ እ.ኤ.አ. በ1935 ናይለንን አስገኘ፤ በ1938 ደግሞ የናይለን የጥርስ ብሩሽ ለገበያ ቀረበ። ለጢም የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የናይለን ብሩሾች ደረቅና ሻካራ ነበሩ፤ ውኃም በሚገባ አይዙም ነበር። ኋላ ግን ክሮቹ እየቀጠኑ፣ ጫፋቸውም እየሾለ በመሠራቱ ልስላሴያቸው ወደ ብሌሮ ጠጉር ተጠጋ። አጠቃቀማቸው ግን ይለያል። የአውሬ ጠጉር ውኃ ስለሚመጥ ከመላጨት በፊት ጥቂት ይዘፈዘፋል፤ ሰው ሠራሹን ግን አርሶ፣ አራግፎ፣ ወዲያው በሳሙናው ላይ ማሽከርከር ይበቃል። ቶሎም ይደርቃል። ሲመረጥም የጫፉ ልስላሴ፣ የክሮቹ ቋጠሮ ውፍረትና ሲጫኑት ተመልሶ የመቆም ኃይሉ ይታያል። ዛሬ ፈረንሳይኛ ይህን ዕቃ «ሰው ሠራሽ ብሌሮ» ለማለት ተገዷል፤ ስሙ አውሬውን ይዞ ቀርቷል፣ ዕቃው ግን ትቶታል።

ወደ አማርኛ እንመለስ። «ላጨ» ከግዕዙ «ላጸየ» የወጣ ሲሆን «ምላጭ» የዚሁ የመሣሪያ ስም ነው። «የጢም መላጫ ብሩሽ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ቢሆንም፣ በጥብቅ ሲታይ የሚላጨው ምላጩ እንጂ ብሩሹ አይደለም። ስለዚህ በሩስኛው አካሄድ ተግባሩን ተከትለን «የጢም ሳሙና ብሩሽ» ማለቱን እንመርጣለን።

ሁለተኛው ችግር «ሰው ሠራሽ» የሚለው ቅጽል የሚያርፍበት ቦታ ነው። «ሰው ሠራሽ ብሩሽ» ብንል ሰው ያልሠራው ብሩሽ ያለ ያስመስላል። ቅጽሉ ከብሩሹ ወጥቶ ከሚሠራበት ነገር ጋር መያያዝ አለበት። ያንንም «ጠጉር» ብንለው ገዢው የአውሬ ጠጉር እንዲመስለው እናደርጋለን፤ ይህም የጦርነቱን ዘመን ነጋዴዎች አሳሳች ስያሜ መድገም ይሆናል። «ቃጫ» ደግሞ ለአንባቢ ተክልን ያስታውሳል። የዓሣ ማጥመጃው ነጠላ ናይለን «ክር» መባሉ የተለመደ በመሆኑ «ክር» ይሻላል።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት የምናቀርባቸው «የጢም ሳሙና ብሩሽ፣ ባለ ጠጉር» እና «የጢም ሳሙና ብሩሽ፣ ባለ ሰው ሠራሽ ክር» የሚሉትን ነው። ረዘም ቢሉም ገዢው በእጁ የያዘው ዕቃ ከምን እንደ ተሠራ ይነግሩታል።