ዝምታን የሚያዳምጠው ማሽን

ቢቢሲ አንድ ጊዜ ዝምታን ለማሰራጨት ሲል ማሽን አጥፍቷል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2004 ለንደን ባርቢካን አዳራሽ ውስጥ የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የአሜሪካዊውን የጆን ኬጅን ሥራ አቀረበ። ሥራው ሦስት ክፍል አለው፤ ርዝመቱ 4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ኖታ አይነኩም። (ቲኬት ገዝቶ የገባው ሰው ምን እንደተሰማው እግዜር ይወቀው።)

ችግሩ ኮንሰርቱ በሬዲዮ 3 መተላለፉ ነበር። ጣቢያው ድምፅ ሲጠፋ «አንድ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ መጠባበቂያ ፕሮግራም በራሱ የሚያስገባ መሣሪያ አለው። መሣሪያው ኪነ ጥበብ አያውቅም። ስለዚህ ለዚያች ምሽት እንዲጠፋ ተደረገ።

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ዜና አጻጻፍ ጆሯችን እስኪደነቁር ሰምተናል፤ ስለዚህ ማሽን ግን አንድም ቀን አልተነገረንም። የሚያውቀው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ፣ ድምፅ ስንት ዴሲቤል ድረስ ሲወርድ ዝምታ እንደሚባል፤ ሌላው፣ ያ ዝምታ ስንት ሰከንድ ሲቆይ ደወሉ እንደሚጮህ። ሁለቱንም የሚሞላው ቴክኒሽያኑ ነው። ሰከንዱን ካሳጠረው፣ ድራማ ላይ ተዋናይዋ እንባዋን ስትውጥ ማሽኑ ሙዚቃ ይለቅባታል። ካስረዘመው ደግሞ አድማጭ ሌላ ጣቢያ ከቀየረ በኋላ ይነቃል። የድምፁን ወለል ከልክ በላይ ዝቅ ካደረገው የባሰ አለ፤ የተበላሸ ገመድ «እዝዝዝ» ሲል ማሽኑ ሰላም ነው ብሎ ያልፈዋል። የኅሊና ጸሎት በቀጥታ ሲተላለፍስ? ሐዘንና ብልሽት ለእሱ አንድ ናቸው። ቀድሞ አስቦ የሚያጠፋው ሰው ያስፈልጋል።

የኬጅ ሥራ መጀመሪያ የቀረበው በ1952 ነው። በዚያው ዓመት ፔንሲልቬንያ፣ አለንታውን የሚገኘው ደብሊው ኬ ኤ ፒ የተባለ ሬዲዮ የአድማጮችን ስልክ ለጥቂት ሰከንድ በቴፕ እያቆየ ማስተላለፍ እንደጀመረ ይጠቀሳል። ዘዴው ቀላል ነው። መቅጃውና ማጫወቻው ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ቴፑ ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ተሳዳቢ ደዋይን ለመቁረጥ ይበቃል።

ከባርቢካኑ ምሽት 16 ቀን በኋላ ሱፐር ቦውል ላይ የጃኔት ጃክሰን ልብስ ጉዳይ አሜሪካን አተራመሰ። ሲቢኤስ 550 ሺህ ዶላር ተቀጣ፤ ቅጣቱ እስከ 2012 በዘለቀ ክርክር ውድቅ ሆኗል። በሳምንቱ የግራሚን ሽልማት ሲያስተላልፍ ግን በ5 ደቂቃ አዘገየው። 5 ሰከንዱ ይገባናል፣ ስድብ ይቆረጥበታል። በ5 ደቂቃ ግን አለቃ ተጠርቶ፣ ስብሰባ ተቀምጦ ይቆረጣል። «ቀጥታ ስርጭት» የሚል ጽሑፍ የስክሪኑ ጥግ ላይ የሚለጥፍ ጣቢያ ስንት ዘግይቶ እንደሚያሳየን ሊነግረን ይገባል ባዮች ነን።

ማንንም የማይቆርጥ ማዘግየትም አለ። ዲጂታል ምስል ሲቀነባበር ጊዜ ይወስዳል፤ በለመድነው በሰከንድ 25 ምስል አንዱን ምስል ብቻ ማቆየት 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ድምፅ ሸክሙ ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ይደርስና ዜና አንባቢዋ አፏን ሳትከፍት ቃሉ ይወጣል። መድኃኒቱ ድምፁን በዚያው ልክ ማቆየት ነው። ኤቲኤስሲ የተባለው የአሜሪካ ዲጂታል ቴሌቪዥን ኮሚቴ በ2003 ባወጣው ምክር ድምፅ ምስልን ከ15 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይቀድም፣ ከ45 በላይም እንዳይዘገይ ይላል። ለምን እኩል አልሆነም? ማዶ ያለ ሰው እንጨት ሲፈልጥ አይታችሁ ከሆነ፣ «ኳ» የሚለው ምሳሩ ካረፈ በኋላ ነው። 15 ሜትር ላይ ቆመን እንኳ ድምፁ 45 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገይብናል። ለዘገየ ድምፅ ጆሯችን የቆየ ነው፤ ቀድሞ የሚመጣ ድምፅ ግን ከሲኒማና ከቴሌቪዥን በፊት የሰው ልጅ የትም ሰምቶት አያውቅም።