ፖዶኮኒዮሲስ፦ የአፈር ዝሆኔ

እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጦ ቆዳው የሻከረ ሰው ስናይ «ዝሆኔ ይዞት ነው» እንላለን። ስሙ የሕመሙን መልክ በደንብ ይገልጻል። ችግሩ፣ መንስኤያቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ሁለት በሽታዎች በዚሁ አንድ ስም መጠራታቸው ነው። አንደኛውን የሚያመጣው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ቀጭን ትል ሲሆን ሐኪሞች ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ ይሉታል። ሁለተኛው ትልም ጀርምም የለበትም፤ የሚመጣው ከምንረግጠው አፈር ነው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይሄ ነው።

ቃሉን ያወጣው ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ ያገጣጠማቸው የግሪክ ቃላት «እግር» እና «አቧራ» ማለት ናቸው። ቃል በቃል «የእግር አቧራ» ብንለው ግን አያስኬድም። አቧራ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን የሚቦንና የሚራገፍ ነገር ነው፤ እዚህ ግን በክረምት ከተረከዝ ላይ አልላቀቅ የሚለው ቀይ ጭቃም አለበት። «የእግር እብጠት» ቢባል ደግሞ የልብና የኩላሊት ሕመም የሚያመጡትንም እብጠት ይጨምራል። እኔ «የአፈር ዝሆኔ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ትሉ የሚያመጣውን «የትንኝ ዝሆኔ» ማለት ይቻላል። ሕዝቡ የሚያውቀው ስም እንዳለ ሆኖ መንስኤው ከፊቱ ይገባል።

አፈሩ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ይገኛል፤ ወላይታ፣ ጎጃምና ወለጋ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች በውስጥ እግር ቆዳ ሰርገው ይገቡና ሊምፍ የተባለውን ፈሳሽ ወደ ላይ በሚመልሱት ቱቦዎች ውስጥ ይከማቻሉ። ሰውነት በዚህ ይቆጣል፤ ቱቦዎቹ ይጠብባሉ፣ ውለው አድረውም ይደፈናሉ። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ እዚያው እግር ላይ ይቀራል።

ሲጀምር እንዲህ በቀላሉ አይታወቅም። የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ማታ ማታ ውስጥ እግር ያቃጥላል፤ ከሥራ ሲገባ ያበጠው እግር ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። ብዙ ሰው ድካም ነው ብሎ የሚያልፈው ይህንን ጊዜ ነው፤ መዳን የሚቻለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ቆይቶ ግን እብጠቱ ጠዋትም አይጎድልም፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ጣቶቹ ይደርቃሉ፣ ኪንታሮት የሚመስል ነገር ያወጣል። አልፎ አልፎም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየተነሣ ሰውየውን ለቀናት ከሥራ ያስቀረዋል።

«በዘር ነው» የሚለው የቆየ እምነት ግማሽ እውነት አለው። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከል ሥራ ከሚመሩ ጂኖች የአንዳንዶቹ ዓይነት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል። በአንድ ማሳ በባዶ እግር አብረው ካረሱ ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ደህና የሚሆነው በከፊል ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ተጋላጩም ቢሆን እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። የታመመን ሰው ልጅ «ዘሩ ነው» ብሎ ለጋብቻ መከልከል፣ ጫማ በሚፈታው ነገር ቤተሰብን መበደል ነው።

ሁለቱን ዝሆኔዎች በስም መለየት የሚያስፈልገው መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ነው። የትንኙ ቆላማ ስፍራ ይወዳል፤ መከላከያውም አጎበርና በዘመቻ የሚታደል የትል መድኃኒት ነው። የአፈሩን ግን ኪኒን አይነካውም። እሱ የሚፈልገው ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ነው። በረባሶም ሆነ ኮንጎ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ክፍት ስለሆኑ ግን አፈር ያስገባሉ፣ እናም ሽፍን ጫማ ይመረጣል። ያበጠ እግር በየቀኑ በሳሙና ይታጠባል፤ ባለሙያ በሚያዘው መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ የጣቶቹ መሐል ሳይቀር ደርቆ ቫዝሊን ይቀባል፣ ካልሲና ጫማ ይደረግለታል። ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛትም ይረዳል። እንዲህ የተያዘ እግር በወራት ውስጥ ሲቀንስ ይታያል፣ ሽታውም ይጠፋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል። ከዘመድዎ መካከል ማታ ማታ እግሩ የሚያብጥ ገበሬ ካለ፣ እብጠቱ ጠዋት እየጎደለ ሳለ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይንገሩት፤ ለልጆቹም ሽፍን ጫማ ይግዙላቸው።