ሠንጠረዡ ለምን ነገሠ? ሕጉስ ለምን ዘገየ?

ጥሩ ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ላይ ማዋል ሌላ። ይህን ለመረዳት የግድ ፓርላማ መግባት አያስፈልግም። የድረ ገጽ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቲም በርነርስ ሊ በ1989 በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ ዓላማው ተመራማሪዎች መረጃ በቀላሉ እንዲለዋወጡ ነበር። ኤችቲኤምኤል የተባለው ቋንቋም «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው» ብሎ ይለያል እንጂ ስለ ገጹ መልክ ብዙም አይጨነቅም ነበር።

ድረ ገጽ ገበያ ሲወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ድርጅቶች ማውጫው በግራ፣ ዜናው በመሃል፣ ማስታወቂያው በቀኝ እንዲሆንላቸው ፈለጉ። መሣሪያ ግን አልነበረም። በ1995 የኔትስኬፕ ብራውዘር ሠንጠረዥ ማሳየት ሲጀምር ዲዛይነሮች ቀዳዳ አገኙ። ቁጥር ለመደርደር የተሠራውን ረድፍና ዓምድ፣ መስመሩን ደብቀው ገጽ ማዋቀሪያ አደረጉት። ዴቪድ ሲገል በ1996 ያሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን ለብዙዎች አስተማረ።

የሚገርመው፣ መድኃኒቱ ያኔም ነበር። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ በጥቅምት 1994 ሲኤስኤስን አቅርቧል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ይዘቱ ለብቻ፣ መልኩ ለብቻ ይጻፍ። የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ በታኅሣሥ 1996 አጸደቀው።

ታዲያ ሠንጠረዡ ለምን ለዓመታት ነገሠ?

ምክንያቱም ሕጉን የሚያስፈጽም አልነበረም። ማይክሮሶፍትና ኔትስኬፕ ገበያ ለመንጠቅ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ሲኤስኤስን ሁለቱም በጎደሎው፣ ያውም በተለያየ መንገድ ተገበሩት። በአንዱ ያማረው ገጽ በሌላው ይፈርሳል። ሠንጠረዡ ግን በሁለቱም ይቆማል። ሥራ ሠርቶ የማስረከብ ግዴታ ያለበት ባለሙያ የሚቆመውን መረጠ። ይህን ስንፍና ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት አንባቢ ሶፍትዌር ሠንጠረዡን ከሳጥን ሳጥን እየዘለለ ስለሚያነብ፣ ማውጫውና ዜናው ሊደበላለቅባቸው ይችል ነበር። በቀርፋፋ የስልክ መስመር የሚጠቀመውም በሠንጠረዥ ላይ ሠንጠረዥ የተከመረበትን ገጽ ለመክፈት ይጠብቃል። ዘዴውን ያልመረጡት ሰዎች ዕዳውን ከፈሉ።

ነገሩን የቀየረው የደንቡ ማማር ብቻ አልነበረም። በ1998 ባለሙያዎች «የዌብ ስታንዳርድ ፕሮጀክት» ብለው ተደራጅተው ብራውዘር ሠሪዎችን መወትወት ጀመሩ። በ2002 የዋየርድ የዜና ድረ ገጽ ወደ ሲኤስኤስ ተሻገረ። በ2003 ደግሞ ዴቭ ሺ «ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን»ን ከፈተ፤ ያው አንድ ጽሑፍ የሲኤስኤስ ፋይሉ ብቻ እየተቀየረ ፍጹም የተለያየ ገጽ ሆኖ ታየ። አይቻልም ይሉ የነበሩ መልስ አጡ።

በ2017 ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ግሪድ የተባለውን የሲኤስኤስ ክፍል ተቀበሉ። ግሪድ ምንድን ነው? ረድፍና ዓምድ! የሠንጠረዥ ተጠቃሚዎች ፍላጎት ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር፤ የጎደለው ሕጋዊው መንገድ ነው።

ዛሬም ቢሆን በኢሜይል የሚላኩ ብዙ ማስታወቂያዎች በሠንጠረዥ ይሠራሉ፤ አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራሞች ሲኤስኤስን በአግባቡ አያነቡምና። ደንቡ ባልተከበረበት ሁሉ አቋራጩ ይኖራል። አቋራጩን የሚረግመው ሰው፣ አስቀድሞ ዋናውን መንገድ ማን እንደዘጋው ይጠይቅ።