በክፉ ቀን ዘመን ለገበሬው የተደረገው ርዳታ

በአገራችን ታሪክ «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚነገረው ረኃብ ከ1880 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ነው። በዚህ አጭር ጥናት መንግሥት የተጐዳውን ገበሬ መልሶ ለማቋቋም ያደረገውን ሙከራ ለመመርመር እንሞክራለን።

የመከራው መነሻ የዝናብ እጦት ብቻ አልነበረም። የከብት ደስታ በሽታ ኢጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ተነሥቶ ወደ ደጋው እንደ ተዛመተ በብዙ ጸሐፊዎች ዘንድ የታመነ ነው። ከቀንድ ከብቱም ከመቶ 90 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በዚህ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። በሬው ያለቀበት ገበሬ መሬትና ጉልበት እያለው ማረስ ተሳነው፤ ሞፈርና ቀንበሩ ተሰቅለው፣ መሬቱም ጦም አደረ። ረኃቡ ዓመታት የፈጀበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ዓፄ ምኒልክ በመጀመሪያ ጎተራቸውን አስከፍተው ለችግረኛው እህል አደሉ፤ በእንጦጦም ለድኾች መጠለያ አሠሩ። ቀጥሎም ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር መኳንንቱና ወታደሩ እንዲከተሏቸው አደረጉ። የእርሻ ሥራ በመኳንንት ዘንድ ይናቅ በነበረበት ዘመን ይህ ምሳሌነት ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በዶማ የሚቈፈረው መሬት በጥማድ በሬ ከሚታረሰው ጋር የሚተካከል አልነበረም።

በ1885 ዓ.ም. ደግሞ የአሥራት አዋጅ ወጣ። ከዚያ በፊት ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ ይቀለብ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን እንዲሰጥና ከወታደር ቀለብ እንዲያርፍ የታሰበ ነው። አፈጻጸሙ በየስፍራው አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ ለተጐዳ ገበሬ የሚከፍለው መጠን አስቀድሞ መታወቁ ራሱ እንደ ርዳታ የሚቈጠር ነው።

የበሬው ጉዳይ ግን ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር። እህል በጎተራ ይከማቻል፤ በሬ ግን በጎተራ አይገኝም። ወደ ሰሜኑ ከተመለሰው ከብት ብዙው የተገኘው በዘመቻ ነው። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ በካዎ ጦና ላይ በተደረገው ዘመቻ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ከብት ተማርኮ ለንጉሠ ነገሥቱና ለሠራዊቱ ተከፋፈለ። የዘመቻው ምክንያት ከብት ብቻ ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ምርኮው የደረሰው በመጀመሪያ ለዘማቹ እንጂ በሬ ላጣው ገበሬ አልነበረም፤ ለአንዱ አገር ማገገሚያ የሆነውም ለሌላው አገር ገበሬ አዲስ ክፉ ቀን ሆኖበታል። የዘመኑን ርዳታ የምናደንቅ ሁሉ ይህን ዕዳ ጨምረን ልንቈጥር ይገባናል።

ከዚህ የምንረዳው፣ እህል ማደልና ገበሬ ማቋቋም የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ሁለቱ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር የተጣመሩት ከወሎ ረኃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሲመሠረት ነው። የከብት ደስታ በሽታም ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ድርቅና አንበጣ ግን አልጠፉም። ስለዚህ የማንኛውም ዘመን ርዳታ ሲመዘን፣ ከታደለው እህል ጋር በቀጣዩ ክረምት ስንት ጥማድ ለእርሻ እንደ ወጣና ጥማዱም ከማን እንደ ተገኘ አብሮ መጠየቅ አለበት እንላለን።