ከበላ ልበልሃ እስከ ዓለም አቀፍ የክርክር መድረክ



የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ውድድር በ1981 እ.ኤ.አ. በግላስጎው ተጀመረ። የእኛ አያቶች ሙግትን የተማሩት ርስት ሲከራከሩ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ በ«በላ ልበልሃ» ነገራቸውን በግጥምና በምሳሌ እያዋዙ ያቀርባሉ፤ በማር፣ በበቅሎም ይወራረዳሉ። የተረታው ውርርዱን ይከፍላል። ዙሪያውን የቆመ ልጅ ሁሉ ይህን እያደመጠ አንደበቱን ይገራ ነበር።

በዛሬው ውድድር ግን ወገን የሚለየው በዕጣ ነው፤ ተማሪው የማያምንበትንም ይሟገታል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ነውር ሊሉት ይችላሉ፤ እኔ አልለውም፤ የባላጋራን ነገር ከውስጡ መርምሮ ማወቅ ነውና። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለጽሑፍ ክርክር ሰፊ ቦታ ሲሰጥ፣ የቃሉን ጥበብ ትምህርት ቤቶቻችን አልተረከቡትም። በዓለም መድረክ የሚቆም የመቄት ልጅ አስቀድሞ በእንግሊዝኛው ይፈተናል፤ ሐሳቡ የሚመዘነው ከዚያ በኋላ ነው።