ሎዛ አበራ፦ ከዱራሜ እስከ ዋሽንግተን

ሎዛ አበራ ለኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን (ሉሲዎቹ) የተጫወተች አጥቂ ናት። እ.ኤ.አ በ1997 በአሁኑ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ከምባታ አካባቢ በምትገኘው ዱራሜ ከተማ ተወለደች።

በሀገር ውስጥ ክለቦች

ከትውልድ ከተማዋ ወጥታ በመጀመሪያ የተጫወተችው ለሀዋሳ ከተማ ነው። ቀጥላ ወደ ደደቢት ተዛወረች፤ በዚያም የሊጉን ዋንጫ ከማንሳቷ ባሻገር ኮከብ ግብ አግቢ ሆናለች። ከዚያ በስዊድን ለኩንግስባካ ክለብ ፈረመች። ቆይታዋ ግን አጭር ነበር፤ ተመልሳ ከአዳማ ከተማ ጋር የሊጉ ሻምፒዮን ሆነች።

በማልታ እና በአሜሪካ

እ.ኤ.አ በ2019 የማልታውን ቢርኪርካራ ተቀላቀለች። ክለቡ ራይደርስን 17 ለ 0 በረታበት ጨዋታ ብቻ 7 ግቦችን አስቆጥራለች። ሊጉ በኮሮና ወረርሽኝ ሳይጠናቀቅ ቢቋረጥም፣ ዋንጫው ለቢርኪርካራ ተሰጥቷል።

ከማልታ መልስ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን መለያ ለበሰች። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የወንዶች ፕሪሚየር ሊግን ባሸነፈበት በ2013 ዓ.ም. ንግድ ባንክም የሴቶቹን አነሣ። በዚህም ክለቡ በመጀመሪያው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ ተሳተፈ፤ ሆኖም በፍጻሜው በኬንያው ቪሂጋ ክዊንስ ተሸንፎ ሳያልፍ ቀረ። ሎዛ የማጣሪያው ኮከብ ግብ አግቢ ነበረች። እ.ኤ.አ በ2024 ደግሞ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ለዲሲ ፓወር ፈርማለች።

የጉዞዋ ትርጉም

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች በገና በዓል ሩር ለመምታት ሜዳ የሚወጡት በልማድ ወንዶች ናቸው። ኳስ ለሴት ልጅ የእንጀራ ሥራ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ለብዙ ቤተሰብ አዲስ ነው። የሎዛ ጉዞ እንደሚያሳየው ተሰጥዖ ብቻውን አይበቃም። ከስዊድን ስትመለስ የሚቀበላት ክለብ ባይኖር ኖሮ የማልታው ዕድል ባልተከተለ ነበር። ልጃገረድ በኳስ እንድትኖር መጀመሪያ የምትሠለጥንበት ሜዳ፣ ቀጥሎም ደመወዝ የሚከፍላት ክለብ በአቅራቢያዋ ያስፈልጋታል።