ምን ተጽፎበታል?

ዲላን ለብዙ ዓመታት የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ወደ ሞያሌ ሲወርዱ፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቡና ጠጥተው የሚያልፏት ከተማ። ያኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ «ታሪክ» ሲባል ብራናና ግዕዝ፣ አክሱምና ላሊበላ እንጂ ጌዴኦ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አንድ የዲላ ልጅ የሆነ ተማሪዬ፣ «እኛ አገር እኮ ብዙ ሐውልት አለ» ቢለኝ፣ «ምን ተጽፎበታል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ምንም» አለ። በዚያው ወሬው ተዘጋ።

ቱቱ ፈላን ያየሁት መምህርነቱን ከተውኩ በኋላ ነው። ቡናው በእንሰት፣ እንሰቱ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለበትን ዳገት ወጣሁና ድንጋዮቹን ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ከሥራቸው መቃብር ነው። ፊት የተቀረጸላቸው አሉ፤ የወንድ ብልት ቅርጽ ያላቸውም አሉ (አስጎብኚያችን እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ)። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ቦታውን የቆፈረው ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም እንዳሳየው፣ ከብልት ቅርጾቹ አንዳንዶቹ በኋላ ዘመን እንደገና ተጠርበው ሰው እንዲመስሉ ተደርገዋል። አሮጌ ጽሑፍ ተፍቆ ሌላ የተጻፈበት ብራና አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ በቃ እሱን ነው። እኔ ምንም የለበትም ብዬ የናቅኩት ድንጋይ ለካ ሁለት እጅ አርፎበታል!

ዕድሜውማ አይነሣ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ሳካሮ ሶዶ ላይ ያሉትን ሐውልቶች እስከ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወስዷቸዋል፤ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሆኑ ነው። የአክሱም ትልልቆቹ ሐውልቶች እንኳ ገና አልቆሙም። እኛ ደግሞ፣ መቼም የጽሕፈት ሰዎች ነን፣ የሕዝቡን ስም እንኳ በቅጡ አልጻፍንም፤ እሱ ራሱን ጌዴኦ ሲል መዝገባችን እስከ አብዮቱ ድረስ «ደራሳ» ይለው ነበር።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር፣ ከነሐውልቱና ከነእንሰቱ፣ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዜናውን እንደሰማሁ ያንን ተማሪዬን አፈላልጌ ደወልኩለት። እሱም አስተማሪ ሆኗል። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ተመዘገበላችሁ እኮ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ሳቀና፣

«መምህር፣ አሁንስ ተጻፈበት?» አለኝ።